ባሮ ዛሬ ስንት ገባ?

አባታችን ያረፈው ነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ ባሮ ጢም ብሎ በሞላበት ሰሞን ነው። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ሦስት ልጆቹ ነን፤ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች። አንዱ ይተይባል፣ ሁለቱ «ኧረ እንደሱ አይደለም!» እያሉ ያርማሉ። ስለዚህ «እኛ» ስንል ለማዕረግ እንዳይመስላችሁ፤ እውነትም ሦስት ስለሆንን ነው። እዚህ የሰፈረው ሦስታችንም የተስማማንበት ብቻ ነው። የተስማማንበት ነገር ጥቂት መሆኑ አባባን የሚያውቅ ሰው አይገርመውም። ሰውዬው አንድን ታሪክ ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት አውርቶ አያውቅማ!

አባባ አስተማሪ ነበር፤ የጂኦግራፊና የታሪክ። ከማስተማሩ ጎን ግን ሌላ ሥራ ነበረው። ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ባሮ ዳር ወርዶ የወንዙን ከፍታ ያነብባል። ነገሩ ቀላል ነው። ወንዙ ዳር የተተከለ፣ እንደ ትልቅ ማስመሪያ በሜትርና በሴንቲሜትር የተከፋፈለ ሰሌዳ አለ። ውሃው የነካውን ቁጥር አይቶ ደብተር ላይ መጻፍ፣ ወር ሲሞላ ለሚመለከተው ቢሮ መላክ ነው፤ በቃ። ቁጥሩ ባለሙያዎች እጅ ሲገባ ባሮ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ይዞ እንደሚያልፍ ይሰላበታል። ድልድይ የሚሠራው፣ ግድብ የሚያልመው፣ ጎርፍ የሚፈራው ሁሉ ሒሳቡን የሚጀምረው እንደዚያች ካለች ደብተር ነው። ክፍያውስ? ስለ ክፍያው እማዬን ጠይቋት። «የሳሙና መግዣ» ነው የምትለው፤ ሱሪውን በጭቃ ለውሶ ስለሚመጣ እሱም አይበቃም ባይ ናት።

ተማሪዎቹ «ቲቸር» ይሉታል። የቀረው የከተማ ሰው ግን «ጋሽ ሜትር» ብሎት ቀረ። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ገና ሰላም ሳይለው «ጋሽ ሜትር፣ ባሮ ዛሬ ስንት ገባ?» ይለዋል፤ የጤፍ ዋጋ እንደሚጠየቀው። እሱም እንደ ነጋዴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሁለት ከአርባ! ከትናንት ወዲህ ዐሥር ጨምሯል፤ ነገ ሳይወደድ ዛሬውኑ ግዙ!» ይላል። ይህን ቀልድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማነው አትጠይቁን። ሰዎቹ ግን በየቀኑ እንደ አዲስ ይስቁ ነበር። ያኔ የማይገባን እሱ ነበር።

* * *

ጋምቤላን በዜና ብቻ ለምታውቋት አንባቢዎቻችን ጥቂት እንበል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ760 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ፣ ጅማን፣ በደሌን፣ መቱን፣ ጎሬን አልፋችሁ፣ ከዚያ ደጋ ቁልቁል ስትወርዱ የምታገኟት ከተማ ናት። ጎሬ ላይ የለበሳችሁትን ሹራብ ጋምቤላ ስትደርሱ ለምን እንደያዛችሁት ግራ ይገባችኋል። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ሰው ማንጎ ዛፍ ሥር ኮከብ እየቆጠረ ይተኛል።

አባባ የጎሬ ልጅ ነው። ጋምቤላ የመጣው በ1970 ዓ.ም.፣ በ22 ዓመቱ፣ አንዲት የቆርቆሮ ሻንጣና አንድ ወፍራም ጋቢ ይዞ ነው። ጋቢውን ለ46 ዓመት አልለበሰውም። «ለሁለት ዓመት ብቻ ነው» ብሎ ነበር ለእናቱ። ሁለቱ ዓመት አላልቅ አለ።

የተወለደው በ1948 ዓ.ም. ነው። ሱዳን ነፃ የወጣችበት፣ እንግሊዞች ጋምቤላን ለመልቀቅ ሻንጣቸውን ማሰር የጀመሩበት ዘመን። ለተማሪዎቹ «እኔ እየመጣሁ መሆኑን ሲሰሙ ነው የሄዱት» ይል ነበር። ቀልዱን ካስቀደመ በኋላ ቁም ነገሩን ያስከትላል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል፣ ባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፣ በወንዙ ላይ ከ2,000 ሜትር የማይረዝም መሬት ለንግድ ጣቢያነት በኪራይ ተሰጠ። ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው ውሉ፤ ለጦርና ለፖለቲካ ጉዳይ መጠቀምም አይፈቀድም። ባሮ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ እየመጣ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፤ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና፣ ቆዳና ሰም ጭኖ ይመለሳል። ውሃው ሲጎድል መርከቡም ይቀራል። ስለዚህ «ባሮ ስንት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ያኔ ቀልድ አልነበረም፤ የነጋዴው ትርፍና ኪሳራ የሚቆረጥበት ነበር።

አባባ መርከቦቹን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ይህ ግን ካፒቴን ከመሆን አላገደውም። ክፍል ውስጥ እጁን አፉ ላይ አድርጎ የመርከብ ጡሩምባ ሲነፋ ጎረቤት ክፍል ያሉት ተማሪዎች ሳቅ ይይዛቸዋል፤ አስተማሪያቸውም ትምህርቱ ይጠፋበታል። ባሮ ዳር የቀሩትን አሮጌ መጋዘኖች እያስጎበኘ «እዚህ ጋ ቡና፣ እዚህ ጋ ጨው፣ እዚህ ጋ የእኔ ቢሮ» ይለን ነበር። እኛ ደግሞ እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ አምነነው ነበር። (አንዱ እስከ ስድስተኛ ክፍል። ማን እንደሆነ ለመናገር አልተስማማንም።)

* * *

ከእሱ ጋር ወንዝ ዳር መውረድ ተራ ነበረው። ተረኛው ልጅ ሰሌዳው ሳይታይ ቁጥሩን መገመት አለበት። እስከ ዐሥር ሴንቲሜትር የቀረበ ከረሜላ ያገኛል፤ እስከ አምስት የቀረበ ማንጎ የሚመርጠው እሱ ነው። ልክ ያገኘ ደግሞ በአባባ ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ ቤት ይመለሳል። እንዲህ ስንጫወት ባሮን ሳናውቀው ተማርነው። ቢርቢርና ጌባ ሲገናኙ ባሮ እንደሚባሉ፤ ባሮ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከፒቦር ጋር ሲቀላቀል ሶባት እንደሚሆን፤ ሶባት ደግሞ ነጭ ዓባይን እንደሚገብር። ውሃው በየካቲት አሸዋውን አሳይቶ እንደሚተኛ፣ በነሐሴና በመስከረም ግን አጥር ዘልሎ እንደሚገባ።

ትልቁ ጨዋታው ግን ከጎሬ ዘመዶቹ ጋር ነበር። በበጋ፣ ጋምቤላ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ባሮ በድንገት ሃያ ሴንቲሜትር ከጨመረ «እናቴ ቤት ዘንቧል» ይላል። ቴሌ ሄዶ ወረፋ ይዞ ይደውላል። «ሰሞኑን ዘንቦ ነበር፤ የእማዬ ጣሪያ አላፈሰሰም?» ሲላቸው «ጠንቋይ ቤት ትሄዳለህ እንዴ?» እያሉ ይደነግጡ ነበር። እኛ በዚህ እንስቅ ነበር። ዛሬ ስናስበው ሰውዬው እናቱን ይናፍቅ ነበር። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ወንዝ ዳር ቆሞ ከእናቱ አገር የመጣውን ውሃ ይለካል።

የማይቀልድበት ታሪክ አንድ ብቻ ነበረው። ሚያዝያ 1958 ዓ.ም. አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ጋምቤላ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ አዞ በልቶታል። ይህን ሲነግረን ድምፁ ይለወጣል፤ ታሪኩም አይለወጥም። «ወንዙ ጓደኛችሁ ነው። ጓደኛችሁ ግን ሌላም ጓደኛ አለው።» ትእዛዙም አንድ ነበር፦ ሰው በሌለበት ውሃ ውስጥ አትግቡ።

* * *

አሁን ደግሞ የምናፍርበትን እንናገር።

አፍረንበት ነበር። አዎ፣ በአባታችን። የሠርግ ድንኳን ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው እሱ፣ መጨረሻ የሚቀመጠው እሱ። እስክስታ ሲመታ ትከሻው ከኮቱ ይቀድማል። አኙዋዎቹ ሲጨፍሩ ከበሮው አጠገብ ነው። ኑዌሮቹ ሲዘሉ አብሮ ይዘላል፤ ከምድር የሚነሣው ግን እጅግ ቢበዛ አራት ሴንቲሜትር ነው። (ልኬቱ የራሱ ነው።) «ማሌ!» እያለ ኑዌሩን፣ በአኙዋኛ እየቀለደ አኙዋውን፣ በኦሮምኛ እያሾፈ ከደምቢ ዶሎ የመጣውን ነጋዴ ሳያስቅ ገበያውን አይሻገርም። ሰዋስው የሚባል ነገር በአንዱም ቋንቋ አልነበረውም። ሰዎቹ በመጀመሪያ የሚስቁት በስህተቱ ነው፤ እሱም ያውቃል፤ እንዲያውም ስህተቱን ያሳምረዋል።

እኛ ጎረምሶች ስንሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠን እንመኝ ነበር። የጓደኞቻችን አባቶች ኮስታራዎች ናቸው። የእኛው ምንድነው?

ሌላም ነበር። ቤታችን ውስጥ ለብቻችን የበላንበትን ቀን ለማስታወስ ይቸግረናል። ምሳ ሰዓት ላይ ያልታወቀ ተማሪ፣ የማይታወቅ መንገደኛ፣ «አንድ ሳምንት ብቻ» ብሎ ወር የሚያድር እንግዳ አይጠፋም። ደመወዝ በገባ በሦስተኛው ቀን ግማሹ ብድር ሆኖ ወጥቷል። ሲመለስ ያየነው ጥቂት ነው። እማዬ ዓሣ ጠብሳ ሸጣለች፤ የሰው ልብስ ሰፍታለች፤ እኛን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰን የእማዬ ሲንገር መኪና ነው ብንል ግነት አይደለም። እሱ ያስቃል፣ እሷ ትከፍላለች። አንዳንድ ማታ ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ሰምተናል። ይህንን ሳንጽፍ «ደግ አባት ነበረን» ብንል እማዬ ላይ መዋሸት ይሆናል።

ለዚህ ነው ለብዙ ዓመታት ሦስታችንም በልባችን «አባባ ጥሩ ሰው ነው፤ ቁም ነገር ግን የለውም» እያልን የኖርነው።

* * *

ስለ 1996 ዓ.ም. እንድንጽፍ ተከራክረናል። በመጨረሻ፣ ያንን ትቶ ስለ አባባ መጻፍ ስለ ሌላ ሰው መጻፍ ነው አልን።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ መኪና ላይ ጥቃት ደርሶ ተሳፋሪዎቹ፣ 8 ሰዎች፣ ተገድለው ሬሳቸው ወደ ከተማ ገባ። ያደረጉት አኙዋዎች ናቸው ተባለ። ከዚያ በኋላ ወታደሮችና ከእኛው ከደገኞቹ ነዋሪዎች የተወሰኑት ሆነው አኙዋ ወንዶችን በየመንደሩ እያሳደዱ ገደሉ፤ ቤታቸውን አቃጠሉ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች በመቶዎች ይቆጥሩታል። በሺዎች የሚቆጠሩት ድንበር አቋርጠው ወደ ሱዳን፣ ወደ ፖቻላ ተሰደዱ።

እኛ ያኔ 12፣ 10 እና 7 ዓመታችን ነበር። አባባ በሩን ዘግቶ መቀርቀሪያውን ወረወረ፣ ጠረጴዛውን አስደገፈበት። እኛን ጓዳ ወለል ላይ አስተኝቶ እማዬን በላያችን አደረጋት። ጩኸት ይሰማል፣ ጭስ ይሸታል። ከዚያ በራችን ተንኳኳ።

ሦስታችንም ሰምተናል። በቡጢ አይደለም የተንኳኳው፤ በመዳፍ ነው፤ ቶሎ ቶሎ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። አራት ወይም አምስት ጊዜ። አባባ ቆመ። ወደ እኛ ዞሮ አየን። ወደ በሩ አየ። ተመልሶ እኛን አየን። አልከፈተም። ማንኳኳቱ ቆመና የሚሮጥ እግር ተሰማ።

ማን እንደነበር አናውቅም። እሱም አላወቀም። ሦስት ቀን ወንዝ ዳር አልወረደም፤ የእነዚያ ቀኖች የደብተሩ መስመር ባዶ ነው። በአራተኛው ቀን ሲወርድ ሰላም የሚለው አልነበረም። ስንት ገባ ብሎ የሚጠይቀውም።

የቅርብ ወዳጁ የአኙዋ ተወላጅ የሆኑ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። አጥራቸው ከአጥራችን ሁለት ቤት ነው የሚርቀው። ማታ ማታ ሰሌዳውን ሳያዩ፣ የወንዙን ድምፅ ብቻ ሰምተው ቁጥሩን ሲገምቱ ከእኛ ሁሉ የሚበልጡት እሳቸው ነበሩ። ያን ቀን ቤታቸው ተቃጠለ። ቤተሰቡ ፖቻላ ገባ መባሉን የሰማነው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አባባ ዓመት ሙሉ በየትም ሠርግ አልጨፈረም። ክፍል ውስጥ መርከቡ አልነፋም።

ስለዚያ ማንኳኳት ቤታችን ውስጥ ማንም ምንም ተናግሮ አያውቅም። እኛም እርስ በርሳችን አልተነጋገርንበትም። ለ20 ዓመት።

* * *

አንድ ነገር ግን ተለውጦ ነበር፤ ልጆች ስለነበርን ልብ አላልነውም። ከዚያ ወዲህ የቤታችን የውጭ በር ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ነፋስ እንዳይዘጋው አባባ ከባሮ ዳር አንድ ድቡልቡል ድንጋይ ተሸክሞ አምጥቶ አስደገፈበት። ድንጋዩ ጣታችንን ስንት ጊዜ እንዳደማው! እማዬ «ዶሮ ይገባል፣ አቧራ ይገባል» ብትልም ድንጋዩ ከቦታው አልተነሣም። እንግዳው የበዛው፣ ብድሩ የበዛው፣ የማይታወቅ ሰው ምሳ መብላት የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። ዘመኑን ቆጥረን ያስተዋልነው አሁን፣ ልቅሶው ላይ ነው። ከዚያ በፊትም ተጫዋች ነበር፤ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጨዋታውን እንደ ሥራ ያዘው።

ወዳጁ በ2000 ዓ.ም. ተመለሱ። ያን ምሽት እናስታውሰዋለን። አባባ ግቢ ውስጥ ማንጎ እየላጠ ነበር። ሰውየው ክፍቱ በር ላይ ቆሙና «ባሮ ስንት ገባ?» አሉ። አባባ ቢላዋውን አስቀመጠ። መልሱን አላስታወሰውም። «አንተ ንገረኝ» አላቸው። ጆሯቸውን ወደ ወንዙ አዘንብለው ገመቱ፤ ሁለቱም ባትሪ ይዘው ወርደው አዩ። ስምንት ሴንቲሜትር ስተዋል። «ፖቻላ ጆሮህን አበላሽቶብሃል» ሲል ሰማነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የሰማነው የመጀመሪያው እውነተኛ ሳቁ ነበር።

* * *

አያት ሲሆን ጭራሽ ባሰበት። ሦስት የልጅ ልጆች አሉት፤ «አባባ ትልቁ» ነው የሚሉት። ክረምት ላይ ከአዲስ አበባ ልንጠይቀው ስንበር አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለን ያንን የ1970 ዓ.ም. ጋቢ በጠራራ ፀሐይ ተከናንቦ፣ «እናንተ ብርድ ይዛችሁ ትመጣላችሁ ብዬ» እያለ ነው። ልጆቹ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። እኛን ያሳፍረን የነበረው ሁሉ እነሱን ያስደስታቸዋል። እነሱ ባሉበት ስናየው እኛም ሳንደበቅ መሳቅ ጀመርን።

የንባቡን ሥራ ለሌላ ሰው ካስረከበ ቆይቷል፤ መውረዱን ግን አላቆመም። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ስልክ ይደውላል። «እህ? ስንት ገባ በሉ!» ሦስቱም ከስፒከሩ ላይ ተደርበው ይጮኻሉ። አንዷ «መቶ ሜትር!» ትላለች፤ ገና 4 ዓመቷ ነው። ያሸነፈ በማንጎ ወራት አንድ ካርቶን ማንጎ በሰው እጅ ይላክለታል። ለተሸነፉትም ይላካል፤ ያንን ግን በምስጢር ነው።

መጨረሻ የደወለው ሐሙስ ማታ ነው። ልባችን ያዘነው ስልኩን እኛ አለማንሣታችን ነው። ሦስታችንም ሥራ ላይ ነበርን። ያነሣው የ9 ዓመቱ ልጅ ነው። «አምስት ከሠላሳ አልኩት። ቀረብክ አለኝ። ነገ እነግርሃለሁ አለኝ» አለን። ዓርብ ሌሊት በእንቅልፉ አረፈ።

* * *

ቀብሩ ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከጎሬ የመጡት ዘመዶቹ «አገሩ ይግባ፤ ከእናቱ አጠገብ ይረፍ» አሉ። እኛም ለጊዜው ልባችን አዘነበለ። እማዬ ብዙ አልተናገረችም። «ለሁለት ዓመት ብሎ ነው የመጣው፤ አልጨረሰም» አለች። ጋምቤላ ተቀበረ።

ድንኳኑ ውስጥ ያየነውን ሕዝብ ለመቁጠር አንሞክርም። እድርተኛው እንዳለ ሆኖ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ተማሪዎቹ፣ ከኢታንግ በእግርና በባጃጅ የመጡ ኑዌሮች፣ እዝን ተሸክመው የገቡ የአኙዋ እናቶች። በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ጥግ ላይ ቀስ ብለው የመርከቡን ጡሩምባ ነፉት። ድንኳኑ ዝም አለ። ከዚያ ሌላው ነፋ። ከዚያ ሁሉም። የልቅሶ ቤት ሳይሆን ወደብ መሰለ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትንቀጠቀጥ ታለቅሳለች ብለን ሮጥን፤ እየሳቀች ነበር። ሁለቱንም።

በሠልስቱ ማታ፣ ሰው ሲቀልል፣ ወዳጁ ሦስታችንን አጠገባቸው አስቀመጡን። «አባታችሁ የተመለስኩ ለት አንድ ነገር ጠይቆኛል» አሉ። «ያን ቀን በሬን ያንኳኳኸው አንተ ነህ ወይ? አለኝ። አይደለሁም አልኩት።» ትንሽ ዝም አሉ። «አላመነኝም። እስኪሞት አላመነኝም።»

እውነትዎን ነው ወይ ብለን አልጠየቅናቸውም። ፊታቸው ላይም አልፈለግንም። ያን ሌሊት ግን እኛ ሦስታችን፣ የውጭው በር ክፍት እንደሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ ማንኳኳት አወራን። ታናሻችን አባባ ሊከፍት አንድ እርምጃ መራመዱን አስታወሰ። ታላቃችን አልተራመደም አለች። መካከለኛው የሚያስታውሰው የእማዬን እጅ ብቻ ነው። አልተስማማንም። የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፦ ያኔ የቆመው እኛን አይቶ ነው። በእኛ ምክንያት የዘጋውን በር ዕድሜውን ሙሉ ሲከፍት ኖረ። እኛ ደግሞ «ቁም ነገር የለውም» እንለው ነበር።

በሩን መክፈት ነበረበት ወይ? የምናውቅ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ሕፃን ጓዳ ውስጥ ያስተኛችሁ ዕለት እናንተም ትመልሱታላችሁ፤ አምላክ ያንን ዕለት አያምጣው እንጂ። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ጥፋቱን በልቅሶ ይከፍላል፤ አንዳንዱ በዝምታ። አባታችን በቀልድ፣ በምሳ፣ በብድርና በአራት ሴንቲሜትር ዝላይ ከፈለ። ደረሰኝ የሰጠው ሰው የለም።

* * *

ድንጋዩ አሁንም እበሩ ሥር ነው። እማዬ አዲስ አበባ ኑሪ ብንላት «በሩን ማን ይጠብቀዋል?» አለች።

ስልኩም አልቆመም። አሁን ማታ ማታ የሚደውሉት ወዳጁ ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ወንዝ ዳር የሚያወርዳቸው የጎረቤት ልጅ ነው። «እህ? ስንት ገባ በሉ!» ሲሉ ድምፃቸው ከአባባ ድምፅ ጋር አይመሳሰልም፤ አነጋገሩ ግን ያው ነው። ባለፈው ሚያዝያ ባሮ ጎድሎ አሸዋው በታየበት ሰሞን ሦስቱም ልጆች ገመቱ። ትንሿ መቶ ሜትሯን ትታ «አንድ!» አለች። አንድ ሜትር ከሁለት ሴንቲሜትር ነበር።

ማንጎው ሐሙስ ዕለት ደርሶናል። ለተሸነፉትም ተልኳል።